ጥርኝ ውሃና 78 ነፍስ

አንድ ሃይማኖታዊ ሥዕል ከየት እንደመጣ ማወቅ፣ ምን እንደሚል ማወቅ ነውን?

ጥያቄው ለመፈላሰፍ ያህል የተነሳ አይደለም። ስለ ጥንታዊት ግብፅ ያነበበ፣ ወይም ካነበበ ሰው የሰማ ሁሉ፣ በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች «እነዚህማ የፈርዖኖች ቅጂ ናቸው» ሲል እሰማለሁ። አንዱ ይህን በኩራት ይናገረዋል፤ የጥንታዊ ሥልጣኔ ወራሾች ነን ለማለት። ሌላው በንቀት ይናገረዋል፤ የራሳችን የሆነ ነገር የለንም ለማለት። ሦስተኛው ደግሞ በቁጣ ይክደዋል። ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ሥዕሉን አያዩትም። አንደኛው በሥዕሉ ውስጥ የዘር ሐረጉን ያያል፣ ሁለተኛው ሌብነትን፣ ሦስተኛው ስድብን።

የእኛ የትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሁለቴና ሦስቴ የሚፈቱት፣ ነገር በአንድ ፍቺ እንደማያልቅ ስለሚያውቁ ነው። እኔም እንደ አቅሜ በዚያው መንገድ አንድ ሥዕል ልከተል፤ የሚዛንን ሥዕል። ከየካና ከእንጦጦ ተነስቼ በአባይ ቁልቁል እስከ ጥንታዊት ግብፅ እወርድና እመለሳለሁ።

በዳገቱ ላይ ያለው ሚዛን

ከየካ እስከ እንጦጦ አናት ያለው አገር ታቦት የበዛበት ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ በተራራው ላይ፣ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል አለ። በእንጦጦ ጀርባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያምና ጎረቤቷ እንጦጦ ራጉኤል ይገኛሉ። በየዳገቱና በየሸለቆው ኪዳነ ምሕረትን የሚያነግሡ ደብሮችም አሉ። ኪዳነ ምሕረት በምትነግሥበት በየካቲት 16 ቀን፣ በእነዚህ ዳገቶች ሕፃን ሽማግሌው የሚያነሳው አንድ ታሪክ አለ፤ የበላኤ ሰብ ታሪክ።

ታሪኩን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ለእሱም በአጭሩ ልንገረው። በላኤ ሰብ መጀመሪያ እንግዳ ተቀባይ፣ ደግ ሰው ነበረ። ሰይጣን አሳተውና የሰው ሥጋ በላ። ከቤተሰቡ ጀምሮ የበላቸው 78 ደረሱ። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ሰውነቱ በቁስል የተመታና በውሃ ጥም የተቃጠለ ሰው አገኘ። ቁስለኛው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እንቢ አለ። በቅዱሳን ስም ለመነው፤ እንቢ አለ። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በላኤ ሰብ ሲሞት ነፍሱ ለፍርድ ቀረበች፤ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውሃ በሌላው ወገን ተመዘኑ። ውሃዋ ቀለለች። ያን ጊዜ እመቤታችን ጥላዋን ብትጥልባት ሚዛን ደፋች፤ ነፍሱም ተማረች።

ከእነዚህ ዳገቶች በአንዱ ያየሁት ሥዕል ይህንን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳያል። መልአኩ ሚዛን ይዟል። በአንደኛው ወገን ነፍሳቱ እንደ ሕፃናት ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን ትንሽ ዕቃ ብቻ አለች። እመቤታችን በትንሿ ዕቃ በኩል ቆማለች። ጥቋቁር አጋንንት በዚያ ማዶ ሆነው ውጤቱን ይጠባበቃሉ።

የጸሐፊው የአኒ ልብ

አሁን ወደ ግብፅ እንውረድ። ከ3200 ዓመታት ገደማ በፊት አኒ የሚባል ጸሐፊ ነበር። ሲሞት አብሮት የሚቀበር የፓፒረስ ጥቅልል ተዘጋጀለት። እንዲህ ያሉትን ጥቅልሎች የዘመናችን ሊቃውንት «መጽሐፈ ሙታን» ይሏቸዋል። በአኒ ጥቅልል ላይ ካሉት ሥዕሎች ዝነኛው የሚዛኑ ነው። በአንደኛው ወገን የአኒ ልብ ተቀምጧል፤ በሌላው አንድ የሰጎን ላባ። ራሱ የቀበሮ የሆነው አኑቢስ የሚዛኑን ሚዛንነት ያረጋግጣል። የጽሕፈት አምላክ የሆነው ቶት ውጤቱን ለመመዝገብ ብዕሩን ይዞ ቆሟል። ከኋላው ራሷ የአዞ፣ ደረቷ የአንበሳ፣ ጀርባዋ የጉማሬ የሆነች አውሬ አለች። ልቡ ጎድሎ ከተገኘ የእሷ ሲሳይ ይሆናል።

ላባዋ የማዓት ምልክት ናት። ማዓት እውነት ናት፤ ፍትሕም ናት፤ ዓለም በቦታዋ የምትቆምበት ሥርዓትም ናት። የእንግሊዝኛ አንባቢ እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ለእሱ ልብ የስሜት ቤት ስለሆነ፣ ስሜት ለምን ይመዘናል ብሎ ይገረማል። አማርኛ ተናጋሪ ግን አይቸገርም። ለእኛ ልባም ማለት አስተዋይ ነው፤ ልብ በል ማለት አስተውል ነው፤ ልቡ ያውቀዋል ስንልም፣ ሌላው ባያውቅበት እንኳ ሥራውን ራሱ ይመሰክርበታል ማለታችን ነው። የግብፃዊውም ልብ ይኸው ነው። ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ይመሰክራል። በዚያ ችሎት ከሳሽ ከውጭ አይመጣም፤ ምስክሩ የገዛ ልብ ነው። ይህን ሐሳብ ሰው በድንጋይና በሸምበቆ ላይ ይጽፍ በነበረበት ዘመን ማግኘት እጅግ ይገርመኛል።

ሟቹ በ42 ፈራጆች ፊት ቆሞ ይናገራል። የሚናገረው ግን ያደረገውን ሳይሆን ያላደረገውን ነው፤ እንዳልገደለ፣ ሰው እንዳላስለቀሰ፣ በሚዛን እንዳላጭበረበረ፣ ወራጅ ውሃ እንዳልገደበ። የእኛ ሰው ንስሐ ሲገባ «በደልኩ» ይላል፤ ግብፃዊው «አልበደልኩም» ይላል። ከዚያም አልፎ፣ በጥቅልሉ ውስጥ ልብ በባለቤቱ ላይ እንዳይመሰክር የሚማጸን ድግምት አለ። ይኸው ድግምት በጥንዚዛ ቅርጽ በተሠራ ድንጋይ ላይ እየተጻፈ በሟቹ ደረት ላይ ይቀመጥ ነበር። አስቡት፤ ልብን ምስክር ያደረጉት ሰዎች ራሳቸው፣ የምስክሩን አፍ የሚዘጉበትን መላም አብረው አዘጋጁ።

አንድ ተርጓሚ፣ ሁለት ጥቅልል

የአኒን ጥቅልል እ.ኤ.አ. በ1888 በግብፅ ገዝቶ፣ ከአገሩ ሹማምንት ዓይን ሰውሮ ወደ ለንደን የላከው ዋሊስ በጅ የተባለ የብሪታኒያ ሙዚየም ሰው ነበር። ጥቅልሉንም በ37 ቁራጭ አስቆረጠው። ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ክብረ ነገሥትንና የተአምረ ማርያምን ታሪኮች ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ እሱው ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ልፋፈ ጽድቅን አሳትሞ «የኢትዮጵያ መጽሐፈ ሙታን» የሚል ንዑስ ርእስ ሰጠው።

ልፋፈ ጽድቅ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጠርም። ምስጢራዊ ስሞች የሞሉበት፣ ከሟች ጋር የሚቀበር ጽሑፍ ነው። እመቤታችን የኃጥአንን ሥቃይ አይታ ስለ ዘመዶቿ አለቀሰች፤ ልጇም ከእሳት የሚያድኑትን ስሞች ሰጣት ይላል መነሻው። ጽሑፉን የያዘ፣ የተሸከመ፣ አብሮት የተቀበረ ይድናል ተብሎ ይታመናል። እንዲህ ባሉ ጽሑፎች ውስጥ የባለቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ አለ። የአኒ ጥቅልልም እንዲሁ ነው፤ በከፊል አስቀድሞ ተጽፎ ለስሙ ክፍት ቦታ ተትቶለት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዝምድና ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በጅም ጠረጠረ።

ይሁን እንጂ መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የአኒ ጥቅልል ርዝመቱ በእንግሊዝ ጫማ 78 ነው። በላኤ ሰብ የበላቸው ሰዎችም 78 ናቸው። ከዚህ ተነስቶ «እነሆ የሁለቱ ምስጢራዊ ግንኙነት!» የሚል መጣጥፍ ለመጻፍ አንድ ማታ ይበቃል። ግን ምንም ማለት አይደለም። የጫማን ልክ ያወጡት እንግሊዞች ናቸው፤ አኒ በክንድ ይለካ ነበር።

ለሚዛኑ ሥዕል መንገድ መፈለግ ካስፈለገ፣ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ከግብፅ ጋር ያለን የሃይማኖት ትስስር ረጅም ነው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በእስክንድርያው አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ከተቀበለበት ከ4ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጳጳስ የሚመጣልን ከዚያ ነበር፤ የራሳችን ፓትርያርክ የተሾመልን በ1951 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በአባይ በኩል የመጣ ነገር የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም ተአምረ ማርያም ራሱ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ የተመለሰ ሲሆን፣ ከታሪኮቹ ብዙዎቹ መነሻቸው ምዕራብ አውሮፓ ነው። እመቤታችን ሚዛኑን ለኃጥኡ ስታጋድል በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎችም ላይ ተስላለች። በመጽሐፈ ዳንኤል ብልጣሶር በሚዛን ተመዝኖ ቀልሎ ይገኛል። በእስልምናም በፍርዱ ቀን ሥራ የሚመዘንበት ሚዛን አለ። ሙሉው በግዕዝ ብቻ በተጠበቀልን በመጽሐፈ ሄኖክም የሰው ሥራ በሚዛን ይመዘናል፤ የእንጦጦው ራጉኤል ስሙ ከመላእክቱ መካከል የሚጠራውም በዚያው መጽሐፍ ነው።

እህል የሸጠና ጨው የገዛ ሕዝብ ሁሉ ሚዛን ያውቃል። በገበያ የተጭበረበረ ሁሉ ደግሞ የማይጭበረበር ሚዛን የሚቆምበትን ቀን ይመኛል። ሚዛኑ እንግዲህ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። የአንድን ሕዝብ ሐሳብ ከሌላው የሚለየው በሚዛኑ ላይ ያስቀመጠው ነገር ነው።

ምን ተቀመጠ?

በአኒ ሚዛን ላይ የተቀመጡት የራሱ ልብና እውነት ናቸው። ሌላ ሰው የለም። አኒ ያስለቀሰው ሰው ቢኖር፣ ውሃ የገደበበት ጎረቤት ቢኖር፣ በሥዕሉ ላይ ቦታ የለውም፤ ጉዳዩ በአኒና በልቡ መካከል ያልቃል። በልፋፈ ጽድቅ ደግሞ ሚዛኑን የሚያሸንፈው ስም ነው፤ ስሙን የያዘ ያመልጣል። ሁለቱም ትልቅ እውነት ይዘው ተነስተው፣ አንዱ ልብ እንደሚመሰክር፣ ሌላው ምሕረት እንደሚለመን አውቀው፣ መጨረሻቸው ሰው ገዝቶ የሚይዘው ወረቀት ሆነ። ይህ የግብፅ ውርስ ነው ብሎ መገላገል አይቻልም። ፍርድን የሚፈራ ሰው ባለበት ሁሉ ማምለጫ የሚሸጥለት ሰው አይጠፋም። ለዚህ ቅጂ አያስፈልግም።

በበላኤ ሰብ ሥዕል ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር አለ፤ የተበሉት ሰዎች በሚዛኑ ላይ ተቀምጠዋል። ሠዓሊው አልደበቃቸውም። ገዳዩን ለማዳን በተሳለ ሥዕል ውስጥ ሙታኑ ፊት አላቸው፣ ዓይን አላቸው፣ ቁጥር አላቸው።

በዚህ ሥዕል ላይ የሚነሳውን ክስ አውቀዋለሁ፤ የተማሩ ወዳጆቼ ደጋግመው ነግረውኛል። «ይህ ሥዕል ሕዝቡን አበላሸው። እንደፈለግህ ግደል፣ ዝረፍ፤ ኋላ ጥርኝ ውሃ ስጥና ትድናለህ ብሎ አስተማረው» ይላሉ። ቀላል ክስ አይደለም፤ ሥዕሉን እንደ ሒሳብ ላነበበው እውነት ይመስላል። 78 ሕይወት በጥርኝ ውሃ ተሸነፈ ማለት ፍትሕ ሞተ ማለት ነውና።

ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። ጥርኟ ውሃ 78ቱን አላሸነፈችም፤ ተሸንፋለች። ሚዛኑ መጀመሪያ የሰጠው ፍርድ ትክክለኛው ፍርድ ነው፤ ሙታኑ ከበዱ። ሚዛኑን የለወጠው ጥላ ነው። ጥላ ደግሞ ክብደት የለውም። ይህን ልጅም ያውቀዋል፤ ሠዓሊውም ያውቀዋል። ክብደት የሌለው ነገር ሚዛን ደፋ ሲባል፣ ምሕረት በሚዛን የሚለካ ነገር አይደለም መባሉ ነው። አንድም፣ ጥላ በአማርኛችን ከለላ ነው፤ «ጥላ ከለላዬ» ስንል መጠጊያዬ ማለታችን ነው። በላኤ ሰብ የዳነው ዕዳው ትንሽ ሆኖ አይደለም፤ ለዕዳው ያልተገባ ከለላ አግኝቶ ነው። ሥዕሉ ኃጢአቱን አላቃለለም። ቢያቃልለው ኖሮ 78ቱን አይስላቸውም ነበር።

ታዲያ ውሃዋ ለምን አስፈለገች? በዚህ ላይ ከእኔ የተሻለ መልስ የሰጡኝ፣ አንድ የኪዳነ ምሕረት ዕለት በእንጦጦ ዳገት፣ ጸበል የያዘ ጄሪካናቸውን አጠገባቸው አድርገው ያረፉ እናት ናቸው። ስለ ሥዕሉ ስንጫወት፣ «እማማ፣ እሱስ ዳነ፤ የተበሉትስ?» አልኳቸው።

«እሱን እሷው ታውቀዋለች ልጄ» አሉ። «እኔ የማውቀው ውሃ የለመነኝን እንዳልመልስ ነው። ደግሞ የለመነው ቁስለኛ ነበር። የሚሸት ነበር። ሥዕሉ ቢሆን የሚለኝ እሱን እንዳልጸየፍ ነው።»

እኚህ እናት ሥዕሉን ያነበቡት እንደ ኃጢአተኛ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ነው። ዓይናቸው ያረፈው ሚዛኑ ላይ ሳይሆን ቁስለኛው ላይ ነው፤ በእኔና በወዳጆቼ ክርክር ውስጥ ስሙ ያልተነሳው ሰው ላይ። በ1990ዎቹ በኤች.አይ.ቪ. የታመሙ፣ ከየቤታቸው የተገፉ ብዙ ሰዎች ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይወጡ እንደነበረ ለሚያስታውስ፣ ይህ አነባበብ የዋህነት አይደለም። በዚያ ዳገት ላይ ቁስለኛውን ያለመጸየፍ ጉዳይ የእውነት ፈተና ነበር።

78ቱስ?

እኔ ግን የጠየቅሁትን ጥያቄ መተው አልቻልኩም። የተበሉትስ? ሥዕሉ ያሳያቸዋል፤ አያናግራቸውም። ይቅር እንዲሉ የጠየቃቸው የለም። ሚዛኑ ወደ ውሃዋ ሲያጋድል ነፍሳቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉ አናውቅም። ለአማኙ መልሱ በእግዚአብሔር ዘንድ ነው፤ በሰማይ ሚዛን ላይ እኔ ዳኛ አይደለሁም። በምድር ላይ ግን የምንመዝነው እኛው ነን።

ይህ አገር ይቅርታና ፍትሕን ደጋግሞ በሚዛን አስቀምጧል። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ 12 ዓመት ፈጅቷል። በአንዳንዶቹ ላይ የተላለፈው የሞት ፍርድ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት «ያለፈውን እንርሳ፤ ይቅር እንባባል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዙውን ጊዜ ከቅንነት የመጣ ድምፅ ነው፤ እኔም በቀል አገር ይሠራል ብዬ አላምንም። ሆኖም «እንርሳ» የሚለው ቃል ከበላኤ ሰብ ሥዕል ጋር አይሄድም። መርሳት ማለት ሚዛኑ ሳይቆም በፊት ነፍሳቱን ከሚዛኑ ማውረድ ነው። እነሱ ከወረዱማ ጥርኟ ውሃ ያለ ማንም ጥላ ሚዛን ትደፋለች፤ ያን ጊዜ የተደረገው ምሕረት ሳይሆን የሒሳብ ማጭበርበር ነው። ግብፃዊው እንኳ በሚዛን አላጭበረበርኩም ብሎ መማል ነበረበት።

በሥዕሉ ላይ ሌላም የማይታለፍ ነገር አለ። ጥላውን የጣለው በላኤ ሰብ አይደለም። እሱ በዚያ ሰዓት ዝም ብሏል። ለራሱ ከለላ የሚሆን፣ ራሱን «ይቅር ተብያለሁ» የሚል ገዳይ በሥዕሉ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለው ሰው የሚመስለው አኒን ነው፤ ልቡን ዝም እንዲል የሚለምነውን።

ሥዕሉ ከፈርዖኖች ይምጣ፣ ከአውሮፓ በዐረብኛ በኩል ይምጣ፣ ከሄኖክ ይወረስ፣ ለታሪክ ሰዎች ከባድና የተከበረ ሥራ ነው፤ ሊሠሩት ይገባል። ለእኔ ግን የሥዕሉ ባለቤትነት የሚረጋገጠው በትውልድ ሐረግ አይመስለኝም። አንድ ሕዝብ አንድን ምስል የራሱ የሚያደርገው በራሱ ጉዳይ ሲጠየቅበት ነው። የየካና የእንጦጦ ሠዓሊ ሚዛኑን ከየትም ያግኘው፣ 78ቱን በላዩ ላይ አስቀምጦ ትቶልናል። ጥላውን እስክንለምን ድረስ ሙታኑን ከሚዛኑ አለማውረድ የእኛ ድርሻ ነው።